አሮጌ መርከብ ላይ ስላለው የማስፈራሪያ ቤት፦ ደሴ ላይ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ

ወንድሜ ሎስ አንጀለስ ነው የሚኖረው፣ ሚስቱ ስትወልድ እማዬን ይዤ ሄጄ ሦስት ወር ተቀምጬ መጣሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ ሰኞ ገበያ ብወጣ፣ ጎረቤት ቡና ብጠራ፣ ሆጤ ለቅሶ ልደርስ ብሄድ እንኳን የምጠየቀው እዛ ስለገባሁባት ኩዊን ሜሪ ስለምትባል አሮጌ መርከብ ነው። ፎቶውን የላኩት ለአንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነበር፣ ከተማው ሁሉ አየው። ልጆቻቸው ጋ ሊሄዱ ቪዛ የሚጠብቁ እናቶች ይጠይቁኛል፣ ኮምቦልቻ ያሉ ተማሪዎች እኛም እንስራ ብለው ይጠይቁኛል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ልጻፈውና የቸገረው ያንብበው አልኩ።

ቆይ፣ መርከብ ላይ የማስፈራሪያ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

ፈረንጆቹ ሃውንትድ ሃውስ የሚሉት ነው። ከፍላችሁ ትገባላችሁ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ክፍል ለክፍል እየተጠማዘዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሜካፕ የተቀቡ አክተሮች ከየጥጉ ይወጡባችኋል፣ ድምፅ አለ፣ ጭስ አለ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ፣ ከዛ በሌላ በር ትወጣላችሁ፣ አለቀ። የሚሰራው በብዛት አስፈሪ ልብስ እየለበሱ ለሚያከብሩት፣ ሃሎዊን ለሚባለው በዓል ነው። ሃሎዊን በነሱ ኦክቶበር 31 ነው፣ በኛ ጥቅምት 21 አንዳንዴም 20 ላይ ይውላል፣ ግን ዝግጅቱ ሳምንታት ቀድሞ ነው የሚጀመረው፣ ብዙው ከኛ መስከረም አጋማሽ በኋላ ይከፍታል። በተለምዶ መጋዘን ወይ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው የሚሰሩት፣ ጡረታ የወጣ መርከብ ያላቸው ከተሞች ግን መርከቡን ይጠቀሙበታል።

አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቴክሳስ ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ ዩኤስኤስ ሌክሲንግተን የሚባል የጦር አውሮፕላን ጫኝ መርከብ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ ጀምሮ በ1991 ጡረታ የወጣ፣ አሁን ሙዚየም ነው፣ ኦክቶበር ላይ ማታ ማታ የማስፈራሪያ ዝግጅት ይካሄድበታል። ኬንታኪ ኒውፖርት ደግሞ ኦሃዮ ወንዝ ላይ ድሮ ከወንዝ ደለል ታወጣ የነበረች መርከብ ለዓመታት ዩኤስኤስ ናይትሜር ተብላ ለዚሁ ሥራ ውላለች። እኔ ያየኋት ግን ኩዊን ሜሪን ነው፣ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ያለችውን።

ኩዊን ሜሪ እውነተኛ መርከብ ናት ወይስ ለትርኢት የተሰራች?

እውነተኛ፣ ያውም እንዴት ያለች! ስኮትላንድ ክላይድባንክ ላይ ነው የተሰራችው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ውሃ ላይ ወረደች፣ በ1936 ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች። ርዝመቷ ከ310 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ቆሜ ሳስበው ከፒያሳ ቁልቁል ሩቅ የሚያስኬድ ርዝመት ነው፣ ሙሉውን ብረት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራጫ ቀለም ቀብተው ወታደር ማመላለሻ አደረጓት፣ ፍጥነቷ ከጠላት ሰርጓጅ መርከብ ስለሚያስመልጣት ግራጫዋ መንፈስ አሏት። መንፈስ የሚለው ስም ያኔ ነው የወጣላት እንጂ ለሃሎዊን ገበያ ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ጭናለች፣ ወታደሮቹ በፈረቃ ነበር የሚተኙት። 1967 ላይ ጡረታ ወጥታ ሎንግ ቢች ገባች፣ ከዛ ወዲህ ሆቴልና ሙዚየም ሆና እዛው ናት። ዳርክ ሃርበር የሚባለው የሃሎዊን ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለዓመታት ተካሂዶባታል። በየዓመቱ አይቀርም ብላችሁ ግን አትሂዱ፣ በሄዳችሁበት ዓመት መኖሩን ልጆቻችሁ ከመርከቧ ዌብሳይት ይዩላችሁ።

ሰው ሞቶባታል የሚባለው እውነት ነው? መንፈስስ አለባት?

ይሄን ጥያቄ በጣም ብዙ ሰው ነው የጠየቀኝ፣ ስለዚህ ለያይቼ ልመልስ።

ሰው ሞቶባታል፣ ይሄ የተመዘገበ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሞተር ክፍሉ አካባቢ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋ ወፍራም የብረት በር አንድ የ18 ዓመት ሠራተኛ ላይ ተዘግቶበት ሞቷል። በሩ ቁጥር 13 ይባላል። ከሱ የሚከብደው ደግሞ 1942 ኦክቶበር 2 የሆነው ነው። ከ10,000 በላይ የአሜሪካ ወታደር ጭና አየርላንድ አጠገብ ስትደርስ አጃቢዋ የነበረችውን ኩራሶዋ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ገጭታ ለሁለት ቆረጠቻት። ከ300 በላይ መርከበኛ አለቀ። ኩዊን ሜሪ ደግሞ እንዳትቆም ትዕዛዝ ነበራት፣ ከቆመች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ያገኛታል፣ የተሸከመችው ሁሉ ያልቃል፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚጮሁትን ሰዎች ትታ ቀጠለች። ሌሎች መርከቦች ናቸው በኋላ መጥተው የተረፉትን ያነሱት። አስጎብኚው ይሄን ሲናገር የቡድናችን ሰው ሁሉ ፀጥ አለ፣ እማዬ ወንድሜ ሲተረጉምላት ሰምታ "የእናቶቻቸው አንጀት" አለች፣ ሌላ ምንም አልተናገረችም።

መንፈስ አለ የሚሉ ሞልተዋል፣ ውሃ የሌለው የመዋኛ ገንዳው ጋ፣ ቢ340 የሚባለው ክፍል ጋ፣ በር 13 ጋ። እኔ ምንም አላየሁም። የሰማሁት ብረት ሲንቋቋ ነው፣ ብረት ቀን ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ እንደዛ ይላል፣ ደሴ ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ድምፅ አዲስ አይሆንበትም።

ከሃይማኖት አንፃር ችግር የለውም?

ይሄን የጠየቃችሁኝን አከብራለሁ። ወሎ ውስጥ ጂን ሲባል ጨዋታ አይደለም፣ ማታ የፈላ ውሃ ደጅ ስትደፉ ቢስሚላህ ወይ በስመ አብ በሉ እየተባልን ነው ያደግነው። አያቴ የሐይቅን ታሪክ ስትነግረኝ፣ ነፍሰጡሯ ሴት ተበድላ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ያለውን አገር በሙሉ ውሃ እንዳደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ እንደቀረ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ለኛ እንዲህ ያለ ታሪክ ትምህርት አለበት እንጂ በቲኬት አይሸጥም።

እዛ ያለው ግን መንፈስ መጥራትም ሆነ ማናገር የለበትም፣ ቴአትር ነው። የተቀባ ሰው ነው። አንዳንድ ቦታ ግን ለብቻው የሚሸጥ መንፈስ ፍለጋ የሚባል የሌሊት ጉብኝት አለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ መሣሪያ ይዘው መንፈስን እየጠሩ ያናግራሉ፣ እኔ እሱን አልገባሁም፣ እናንተም ቲኬት ስትቆርጡ የቱ እንደሆነ ለዩ። ከዚህ በላይ እኔ የምፈርድበት አይደለም፣ ሼሆቻችሁን ወይ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

ኢንተራክቲቭ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ይነካሉ እንዴ?

ቆማችሁ የምታዩት ብቻ አይደለም ማለት ነው። አክተሩ ያናግራችኋል፣ ስማችሁን ይጠይቃል፣ ቁልፍ ፈልጉ ይላል፣ በር ግፉ ይላል፣ አንዳንዴ ከቡድኑ አንድ ሰው ነጥሎ በሌላ መተላለፊያ ይወስዳል። ስማችሁን ከነገራችሁት ሦስት ክፍል አልፋችሁ ከጨለማ ውስጥ በስማችሁ ሲጠሩ ትሰማላችሁ፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው፣ በኋላ ሳስበው እርስ በርስ በሬዲዮ ይነጋገራሉ።

መንካትን በተመለከተ አብዛኛው ቦታ ሕጉ እነሱም አይነኳችሁም እናንተም አትነኳቸውም ነው። መንካት ያለባቸው ዓይነቶችም አሉ፣ ግን ቀድመው ወረቀት ያስፈርማሉ ወይ የተለየ ምልክት አንገታችሁ ላይ ያደርጋሉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። እንግሊዝኛ ካልገባችሁ ልጃችሁ አንድ በአንድ ይተርጉምላችሁ፣ አታፍሩ፣ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ይጠብቅ። እና በድንጋጤ አክተር የሚመቱ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ፣ ሥራው ላይ ያለ ሰው ነው፣ ያስወጣል ያስከስሳልም። እጃችሁን የምታምኑት ካልሆነ ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ሂዱ።

አንቺን ነጠላሽን መንፈስ ጎተተሽ የሚባለው እውነት ነው?

ነጠላዬ ተይዞ ነበር፣ የያዘው ግን የበር መቀርቀሪያ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ ስለነበር ከጃኬቴ በላይ ነጠላ ደርቤ ነበር፣ ወንድሜ አውልቂው ብሎኝ አልሰማሁትም። ታች ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሆነን ስንሄድ ከኋላዬ ሳብ አደረገኝ። ተራመድኩ፣ መልሶ ሳበኝ። ጭሱ ወፍራም ነው፣ የራሴ እጅ አይታየኝም፣ ወንድሜ ቀድሞኛል፣ አፌ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣ አለኝ። ከጎኔ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ፊቱ ያበጠ፣ ከፀጉሩ ውሃ የሚንጠባጠብ መርከበኛ ብቅ አለ። ልቤ ቆመ ስል ሰውየው ዝም ብሎ ጎንበስ አለና ኪሱ ውስጥ ካለ ትንሽ ባትሪ ቀይ መብራት አበራ፣ የነጠላዬን ጥለት ከመቀርቀሪያው ላይ ክር በክር ሳይቀድ አላቀቀው። ማስቲካ ማስቲካ ይሸት ነበር። ጣቶቹ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አጣጥፎ ክንዴ ላይ አደረገልኝ፣ በጣቱ ሁለት አሳየኝና በር ወዳለበት ጠቆመኝ፣ ሁለት ክፍል ቀርቶሻል ማለቱ ነው። ከዛ መብራቱን አጠፋና ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ወዲያው ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሲጮሁ ሰማሁ።

ነጠላው አሁንም አለ፣ ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተነክቷል፣ በኦሞም አልለቀቀም።

እና ምን ልልበስ?

የሚንጠለጠል ነገር አይሁን፣ ሻሽም ቢሆን አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ሂጃብ የምታደርጉ ጫፉን ልብስ ውስጥ አስገቡት። ጫማ ስኒከር ይሁን፣ መርከብ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ መሰላል ነው ብትሉ ይሻላል፣ በሮቹ ሥር ደግሞ ውሃ እንዳያልፍ ከፍ ያለ የብረት ጉበን አለ፣ ቁርጭምጭሚት ይመታል። ረጅም ሰው ከላይ በኩል ጭንቅላቱን ይጠብቅ። ማታ ከባህሩ የሚመጣው ንፋስ የደሴ ብርድ ያህል ነው፣ ሰልፉ ላይ ረጅም ሰዓት ስለሚቆም ጃኬት ያዙ። ወርቃችሁን ቤት ተዉት።

ከተራ ቤት ይልቅ መርከብ ለምን የበለጠ ያስፈራል?

መስኮት የለም፣ ታችኛው ክፍል ከውሃው በታች ነው። ስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። ግድግዳው ብረት ስለሆነ አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ሲመታው እዚህ አጠገባችሁ ይመስላል፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት አትችሉም። ሽታም አለው፣ የድሮ ዘይትና ዝገት፣ ይሄ ማንም አርቲስት ፈጥሮ የማያመጣው ነው።

የሠሪዎቹንም ብልሃት ልንገራችሁ፣ እኔ ካወቅኩት በኋላ የበለጠ ነው የወደድኩት። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከጨለማው ክፍል በፊት ሆን ብለው ኃይለኛ መብራት ያበሩባችኋል፣ የለመዳችሁት ይጠፋል፣ እንደ ዕውር ትገባላችሁ። መፍትሔው መብራቱ ሲበራ አንድ ዓይን መጨፈን ነው፣ ጨለማው ውስጥ ስትገቡ የጨፈናችሁትን ክፈቱ፣ እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ ሞክሬው ሠርቷል። ሌላው ደግሞ አንዱ አሻንጉሊት ፊት ለፊት ዓይናችሁን ይይዛል፣ እሱን ስታዩ እውነተኛው ሰው ከጎን ይመጣል። የሚያስፈራሯችሁ ደግሞ ወደፊት እንድትሸሹ አድርገው ነው፣ ወደኋላ ከሸሻችሁ ከሚመጣው ቡድን ጋር ተጋጭታችሁ መንገዱ ይዘጋል። ጭሱ ብዙውን ጊዜ ውሃና ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ተሞቆ የሚወጣ ነው። እማዬ የበሩን ጭስ ከሩቅ አይታ "ይሄማ የጦሳ ጉም ነው" አለች፣ ክረምት ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ልክ እንደዛ ነው።

መርከቡ ይወዛወዛል? ያዞራል?

ኩዊን ሜሪ አትወዛወዝም፣ በድንጋይ ግድብ በተከለለ ውሃ ላይ ታስራ ነው ያለችው። የሚያዞረው መብራቱ ነው።

እናቴን ወይ ልጆቼን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ማታውን አይሆንም። ልብ ሕመም ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ነፍሰጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት (ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ሊያስነሳበት ይችላል)፣ አስም ያለበት (ጭሱ)፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አይግባ። ብዙ ቦታ ከ13 ዓመት በታች አይመከርም ብለው ይጽፋሉ፣ እኔ ከዛም በላይ እላለሁ፣ ጦርነት ያየ ሰው አስቡበት። እኛ ወሎ ውስጥ የተኩስ ድምፅ ሰምተን የተሰደድን አለን፣ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ለሌላው ጨዋታ ነው፣ ለኛ ግን ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። የአክስቴ ልጅ በሩ ድረስ መጥታ የመጀመሪያውን ፍንዳታ ስትሰማ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወንድሜ ወዲያው ይዟት ወጣ፣ ቲኬቱ ቢቃጠል ይቃጠል አለ፣ ትክክል ነበር። ማንም ሰው በጓደኛ ጉትጎታ መግባት የለበትም።

ለእናቶች የምመክረው ቀን ነው። ቀን የመርከቧ ጉብኝት አለ፣ የሞተር ክፍሉን ታያላችሁ፣ ከስር ውሃ ውስጥ ያለውን፣ መርከቧን ይገፋ የነበረውን ግዙፍ ፕሮፔለር በድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ታያላችሁ፣ እማዬ እሱን አይታ ስትደነቅ ነበር። እንደውም ሁላችሁም ማታ ከመግባታችሁ በፊት ቀን ግቡ ነው የምለው፣ ለኔ ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። የሞቱትን ልጆች ታሪክ ሰምታችሁ፣ ቦታውን አውቃችሁ ስትገቡ ማታ የሚሆነው ቴአትር መሆኑ ልባችሁ ያውቀዋል፣ እውነተኛው የቱ እንደሆነም አትረሱም። ቀን ሳያዩ ማታ ብቻ ገብተው "መንፈስ አየን" ብለው እየሳቁ የሚወጡ አሉ፣ 300 ሰው ያለቀበት ታሪክ እንዳላት እንኳን አልሰሙም፣ እሱ ያሳዝነኛል።

ቲኬትስ?

ኦንላይን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ሰዓት የተወሰነለት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ይወደዳል፣ የመጨረሻው የኦክቶበር ሳምንት ሰልፉ አይቻልም። የፓርኪንግ ለብቻው ነው። ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ ሎንግ ቢች ድረስ ባቡር አለ፣ ኤ የሚባለው መስመር። እራት ቀድማችሁ ብሉ፣ እኛ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው ሰፈር በልተን ነው የሄድነው፣ በሆድ ሙሉ ግን ወዲያው አትግቡ።

መሃል ላይ መውጣት ብፈልግ?

ቁሙና ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አድርጉ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ "ኤግዚት ፕሊስ" በሉ። ሁለቱን ቃል እናቶችም ያዙት። ሠራተኛ ወዲያው መጥቶ በአቋራጭ ያወጣችኋል። በራሳችሁ ወደኋላ አትመለሱ፣ አትሩጡም፣ ደረጃው ያንከባልላል። ስትገቡ ከላይ የሚበሩትን የመውጫ ምልክቶች ልብ በሉ፣ ጨለማው ቢጨልምም እነሱ አይጠፉም።

ቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል?

ውስጥ አይቻልም። የስልክ መብራትም የሌላውን ሰው ጨለማ ያበላሻል። ውጭ የፈለጋችሁትን አንሱ።

እኛስ ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ላይ መስራት አንችልም?

ትችላላችሁ፣ መርከብ ባይኖርም አሮጌ መጋዘን አለ፣ ድራማ የሚሰሩ ልጆች ደግሞ ሞልተውናል። የኛን ወሎ ተረት ብታስገቡበት ደግሞ ከፈረንጁ ዞምቢ ይሻላል፣ ጅቡ አለ፣ የገደሉ ማሚቶ አለ። የዛርና የጂን ነገር ግን አታስገቡ፣ የሚያምንበት ሰው አለ፣ የታመመበትም ሰው አለ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ እሳት። እ.ኤ.አ. 1984 ሜይ 11 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ መዝናኛ ፓርክ ላይ እንዲህ ያለ የማስፈራሪያ ቤት ተቃጥሎ 8 ወጣቶች ሞተዋል። በተያያዙ ተጎታች ሳጥኖች ነበር የተሰራው፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ነበረው፣ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ከዛ በኋላ ነው አሜሪካኖቹ ሕጉን ያጠበቁት፣ እኔ መርከቧ ላይ ያየኋቸው የመውጫ መብራቶችና በየኮሪደሩ የቆሙት ሠራተኞች በከንቱ አይደሉም። ስለዚህ ሻማ አይኑር፣ ኩራዝ አይኑር፣ ስፖንጅና ፌስታል ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ የሽቦ ቅጥያ በጨርቅ ሥር አታሳልፉ። ሁለት መውጫ ይኑረው፣ ሁለቱም ከውጭ እንዳይቆለፉ፣ ሰው ሳይከፍል ይገባል ብላችሁ አንዱን በሰንሰለት እንዳታስሩት፣ ይሄን ስላወቅኳችሁ ነው የምለው። በአንድ ጊዜ ከ6 ሰው በላይ አታስገቡ፣ መብራት ቢጠፋ እያንዳንዱ አክተር ኪሱ ውስጥ ባትሪ ይኑረው፣ ለተያዘ ነጠላም ያስፈልጋል።